ቆሎ ቤቱ ለምን ከሰረ?

በሐዋሳ ከአራተኛ ክፍል ተማሪዎቼ ጋር በሒሳብና በአማርኛ ክፍለ ጊዜ የማካሂደው የንግድ ጨዋታ ምን እንደሚያስተምርና ምን እንደማያስተምር ለራሴ ግልጽ እንዲሆንልኝ ይህን እጽፋለሁ። አሠራሩ ቀላል ነው። ልጆቹ በቡድን ሆነው አንድ አንድ ንግድ ቤት ይከፍታሉ፤ ከእኔ፣ ማለትም ከአከፋፋይዋ፣ ዕቃ ይረከባሉ፤ በወረቀት ብር ይሸጣሉ፤ መጨረሻ ላይ ዋናውንና ትርፉን ለይተው በመዝገብ ያሰፍራሉ። አንዱ ቡድን ከካርቶን የተቆረጠ ቆሮሶና አምባዛ ደርድሮ የክፍሉን ጥግ የሐይቁን ዳር የዓሣ ገበያ፣ አሞራ ገደልን፣ አስመስሎታል፤ ሌላው እርሳስ ይቀርጻል፣ ደብተር ይለብዳል፤ ሦስተኛው ቆሎ ይሸጣል። ቆሎው ብቻ እውነተኛ ነው፤ ቤቴ ቆልቼ አመጣዋለሁ። እውነተኛ ብር ግን ክፍሉ ውስጥ ዝር አይልም፤ ምክንያቱም ሳንቲም ይዞ የመጣና ያልያዘ ልጅ በአንድ ገበያ ከተገናኙ ጨዋታው ወዲያው የየቤቱ አቅም መለኪያ ይሆናል።

ብዙ ያስተማረን የቆሎ ቤቱ ኪሳራ ነው። ቡድኑ አንድ ጣሳ ቆሎ በ60 ብር ተረከበ። ጣሳው በቡና ስኒ ሲሰፈር 15 ስኒ ይወጣዋል፤ የአንዱ ስኒ መሸጫ 5 ብር ስለሆነ 75 ብር ገብቶ 15 ብር ማትረፍ ነበረባቸው። ሻጯ ግን እጇ የማይሰስት ልጅ ናት። ደንበኛ ሁሉ «መርቂልኝ እንጂ!» ሲላት ግማሽ ስኒ ትጨምርለታለች። ወረፋው የእሷ ሱቅ ላይ ረዘመ፣ ቡድኑም በገበያው ደራ ማለት ተደሰተ፤ ጣሳው ባዶ ሆኖ ብሩ ሲቆጠር ግን 50 ብር ብቻ ተገኘ። መጀመሪያ የተጠረጠረው ሌብነት ነው። ገንዘብ ያዡ ኪሱን ሁሉ ገልብጦ ካሳየ በኋላ ነው ወደ ወረቀት የተመለሱት።

ለእያንዳንዱ ደንበኛ የሄደው አንድ ከግማሽ ስኒ መሆኑን፣ 15 ስኒ ለአንድ ከግማሽ ሲካፈል 10 ደንበኛ ብቻ እንደሚያስተናግድ፣ የአንዱ ስኒ መግዣ 4 ብር ስለሆነ በ5 ብር የሸጡት የ6 ብር ዕቃ እንደነበር ራሳቸው ደረሱበት። ድብልቅ ቁጥርን ማካፈል በሰሌዳ ላይ ሳስተምር እንዲህ ያለ ክርክር ሰምቼ አላውቅም። አንዱ «ሩብ ስኒ እንመርቅ» ሲል ሐሳብ አቀረበ፤ ሲሰላ 12 ደንበኛና 60 ብር ሆነ፣ ማለትም ዋናው ተመልሶ ድካሙ ብቻ ተረፈ። ምርቃት ጨርሶ ይቅር የሚለውን ሐሳብ ግን ማንም አልተቀበለውም፤ ምርቃት የሌለበት ሱቅ ማን ይሄዳል? በመጨረሻ ግማሽ ስኒ የሚመረቅለት ሦስት ስኒ ለገዛ ብቻ እንዲሆን ተስማሙ። እኔ ይህን መፍትሔ አስቤው አልነበረም።

ሁለተኛው የታዘብሁት ነገር መልስ አሰጣጥን ይመለከታል። ከትምህርት በኋላ በፍቅር ሐይቅ ዳርቻ እየዞረ ማስቲካና ሶፍት የሚሸጥ አንድ ተማሪ አለኝ። የ137 ብር ዕቃ ለገዛና 200 ብር ለሰጠ ሰው መልስ ሲሰጥ ከ137 ተነሥቶ ወደ ላይ ይቆጥራል፤ 3 ብር ጨምሮ 140፣ 10 ጨምሮ 150፣ 50 ጨምሮ 200፤ መልሱ 63 ብር። ይህን ሁሉ በሲዳምኛ እያጉተመተመ በቅጽበት ይጨርሰዋል። ያንኑ 200 ሲቀነስ 137 በደብተሩ ቁልቁል ስጽፍለት ግን ከዜሮው ላይ መበደር ያቅተውና 137 ብሎ ያርፋል። የማርክ ዝርዝሬ የሚያውቀው ይህን ሁለተኛውን ልጅ ብቻ ነው።

ነገሩ የሐዋሳ ብቻ አይደለም። ተሬዚኛ ኑኔስና ሁለት ባልደረቦቿ በብራዚሏ ሬሲፌ ከተማ በመንገድ ላይ የሚሸጡ ልጆችን አጥንተው እ.ኤ.አ. በ1985 ባሳተሙት ጽሑፍ፣ ልጆቹ በሚሸጡበት ቦታ ከተጠየቁት ስሌት 98 በመቶውን በትክክል ሲመልሱ፣ ተመሳሳዩ ስሌት በወረቀት ላይ በቁጥር ብቻ ሲቀርብላቸው ግን የመለሱት 37 በመቶውን ብቻ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2025 ደግሞ አቢጂት ባነርጂና ኤስተር ዱፍሎ ያሉበት የተመራማሪዎች ቡድን በኮልካታና በዴልሂ ተመሳሳይ ክፍተት ማግኘቱን አሳተመ፤ ይህኛው ጥናት ክፍተቱ ወደ ሌላውም አቅጣጫ እንደሚሠራ አሳይቷል፤ የማይነግዱ የትምህርት ቤት ልጆች የደብተሩን ስሌት በተሻለ ሁኔታ ሠርተው የገበያው ሒሳብ ያስቸግራቸዋል። ከዚህ የምረዳው በክፍል ውስጥ ሱቅ መክፈት ብቻውን ሒሳብ እንደማያስተምር ነው። ገበያውን የሚያውቅ ልጅ የሚያውቀውን ይደግማል፣ የማያውቀውም ይጫወታል፤ ሁለቱ እውቀቶች ግን ጎን ለጎን ተቀምጠው ሳይተዋወቁ ይቀራሉ።

የሚያስተዋውቃቸው መዝገቡ ነው ብዬ አምናለሁ። ስለዚህ ማንኛውም ሽያጭ ሲካሄድ ሻጩ በአፉ ያሰላውን እንዳሰላው አድርጎ እንዲጽፍ አደርጋለሁ፤ ባለ ማስቲካው ልጅ 3፣ 10፣ 50 ብሎ በመስመር ላይ ያሰፍራል፣ አጠገቡ ያለው ልጅ ያንኑ ቁልቁል ይቀንሳል፣ ከዚያ ሁለቱ ቁጥሮች ለምን እንደተገናኙ እርስ በርስ ይነጋገራሉ። አዝጋሚ ሥራ ነው፤ አንዳንድ ቀን ሦስት ሽያጭ ጽፈን ደወል ይደወላል። ቢሆንም ልጁ ከዜሮ ላይ መበደር ምን ማለት እንደሆነ የገባው በዚህ መንገድ ነው፤ 200ን «19 አስርና 10 አንድ» ብሎ የዘረዘረው እሱ ራሱ ነው።

ለጽሑፍ ትምህርት ደግሞ እንደ ዱቤ ያለ አጋዥ አላገኘሁም። የደብተር ለባጆቹ ቡድን «ዱቤ ነገ ነው» የሚል ማስታወቂያ ቢለጥፍም ጓደኛን እምቢ ማለት ስላልቻለ ዱቤ ሰጠ፤ በመዝገቡም «አቤል 10 ብር» ብሎ ጻፈ። በክፍላችን አቤል የሚባሉ ሦስት ልጆች አሉ። ሦስቱም ካዱ። የአባት ስም፣ ቀን፣ የተወሰደው አገልግሎትና ፊርማ ለምን እንደሚጻፉ ከዚያ ወዲያ ማስረዳት አላስፈለገኝም። ቡድኑ ለገበያው ኮሚቴ ማመልከቻ እንዲያቀርብ አዘዝሁ፤ በስተቀኝ ቀን፣ ከዚያ «ለ»፣ ከዚያ «ጉዳዩ፦ የዱቤ ገንዘብ እንዲከፈለን ስለመጠየቅ»። የመጀመሪያው ረቂቅ ስድብ ነበረበት። ኮሚቴው፣ እሱም የአራተኛ ክፍል ልጆች ስብስብ ነው፣ «ማን፣ መቼ፣ ስንት የሚለው አልተገለጸም» ብሎ መለሰው። ተማሪ የገዛ ጽሑፉን ያለ ጉትጎታ ደግሞ ሲጽፍ ማየት ለአማርኛ መምህር ብርቅ ነው፤ ያውም አራት ነጥቡን በቦታው አሳርፎ።

ሁሉም ወላጅ ይህን አልወደደውም። ገበያ ውስጥ ቅመም የምትሸጥ አንዲት እናት መጥታ «ቲቸር፣ እኔ እኮ ልጄን ትምህርት ቤት የላክኋት ከንግድ እንድትወጣ ነው» አለችኝ። ቅሬታዋ ተገቢ ነው፤ ከትምህርት ሰዓት ውጭ የሚነግዱ ልጆች ባሉበት ከተማ ንግድን በክፍል ውስጥ ማወደስ የሚያስተላልፈው መልእክት እኔንም ያሳስበኛል። ስለ ንግድ ብዙ አልተከራከርኋትም፤ የልጅቱን የመዝገብ ደብተር አውጥቼ ሰጠኋት። ገጹን በጣቷ እየተከተለች በልቧ ደመረችና «እዚህ ጋ 5 ብር ጎድሏል» አለች። እውነትም ልጅቱ ስትደምር በእጅ የያዘችውን ረስታ ነበር። እናትየው ስንብቷን ከማቅረቧ በፊት የጠየቀችኝ ልጅቱ የእሷን የዱቤ ደብተርም መያዝ ትችል እንደሆነ ነው። ለጊዜው ማባዛቱን ትጨርስ ብዬ መለስሁላት።

የማባዛት ሠንጠረዥ በዚህ ጨዋታ አይጠናም። 7 ጊዜ 8ን በቃሉ ያልያዘ ልጅ ገበያው ሲደራ በጣቱ እየቆጠረ ይቀራል፣ ደንበኛውም ጥሎት ይሄዳል። እሱን እንደ ድሮው ጠዋት ጠዋት በጋራ እያልን እንይዛለን። አንብቦ መረዳትም እንዲሁ የራሱን ጊዜ ይፈልጋል፤ የዋጋ ዝርዝር ማንበብ ተረት ማንበብን አይተካም።

በሁለተኛው መንፈቅ ዓመት የሽያጩን ጊዜ አሳጥሬ የመዝገቡን ላስረዝም አስቤያለሁ። አከፋፋይነቱንም ለልጆቹ እለቃለሁ፤ የጣሳውን ዋጋ ራሳቸው ይተምኑ፣ ቆሎው ሲወደድ ምክንያቱን በጽሑፍ ለደንበኛ ያሳውቁ። የቆሎ ቤቱ ቡድን ከወዲሁ አንድ ጥያቄ አቅርቦልኛል፤ ስኒው በትንሽ ስኒ ይቀየርልን የሚል። ጥያቄው በማመልከቻ እንዲመጣ ነግሬያቸዋለሁ፤ የደንበኞች ተቃውሞም እንዲሁ።