ለአንድ ሰው አሥራ ሁለት ፍሪጅ

ረመዳን ሲቃረብ ድሬዳዋ ላይ ፍሪጅ የሚሸጥ ሰው ፋታ የለውም። ጁስ ቤቱም፣ ሥጋ ቤቱም፣ ምግብ ቤቱም ቀዝቃዛ ማስቀመጫ የሚፈልገው በዚያ ሰሞን ነው። መብራት ተዋዥቆ ኮምፕረሰር የሚያቃጥለውም፣ እልኸኛ ይመስል፣ ያኔውኑ ነው። እኔ የንግድ ማቀዝቀዣ የሚሸጥና የሚጠግን ድርጅት ውስጥ ሒሳብ ሠራተኛ ነኝ። ሽያጭ የእኔ ሥራ አይደለም፤ ቢሯችን ግን አንድ ክፍል ስለሆነች የሚሆነው ሁሉ ዓይኔ ሥር ነው የሚሆነው።

ሥራ አስኪያጃችን፣ ሁላችንም ጋሼ የምንላቸው ሰው፣ አዲስ ለተቀጠረው የሽያጭ ልጅ አንድ ትእዛዝ ሰጡት፦ በከተማው ማቀዝቀዣ ሊገዛ የሚችል ንግድ ቤት ሁሉ ስሙና ስልኩ ተለቅሞ ይምጣ። ድሮ እንዲህ ዓይነቱ ሥራ ደብተር ይዞ ከከዚራ መነሳት፣ የደቻቱን ወንዝ መሻገር፣ መጋላን፣ የቀፊራንና ታይዋን የሚባለውን ገበያ በፀሐይ ማዳረስ ነበር። ልጁ ከወንበሩ አልተነሳም። ክሮም ላይ ኢንስታንት ዳታ ስክሬፐር የሚባለውን ማራዘሚያ፣ ማለትም ከድረ ገጽ ዝርዝር የሚለቅም ተጨማሪ ፕሮግራም ጫነ፣ ጎግል ማፕ ከፍቶ «ጁስ ቤት ድሬዳዋ» እያለ የንግድ ቤቶቹን ዓይነት በየተራ ፈለገ፣ ዝርዝሩ ወደ ታች ሲንሸራተት መሣሪያው እየለቀመ ሰንጠረዥ አደረገለት። ኮድ የሚባል ነገር አልነካም። ማፑ በአንድ ፍለጋ ከ120 የማይበልጥ ውጤት ስለሚያሳይ፣ ሳቢያን፣ ለገሃሬ፣ ገንደ ቆሬ እያለ በሰፈር ከፋፈለው። እውነቱን ለመናገር ብልሃቱ አስደነቀኝ። ጎግል እንዲህ ያለውን የጅምላ ለቀማ በአገልግሎት ውሉ እንደሚከለክል ግን ማንም በዚያ ሰዓት አላነሳም።

ሰንጠረዡ ኤክሴል ላይ ሲከፈት የስልኮቹ የመጀመሪያ ዜሮ ሁሉ ተበልቶ ነበር። ኤክሴል 09 ብሎ የሚጀምረውን እንደ ተራ ቁጥር ቆጥሮት ዜሮዋን ይጥላታል። እሷን መለሰ። ቀጥሎ ከሰንጠረዥ እያነበበ አጭር መልእክት በራሱ የሚልክ መተግበሪያ ስልኩ ላይ ጫነና «የተከበሩ የእገሌ ባለቤት፣ ለረመዳን ልዩ ቅናሽ አለን» የሚል ጽሑፍ አዘጋጀ። «የእገሌ» ያልኩት ቦታ ላይ የየሱቁ ስም በራሱ ይገባል። ከምሳ በፊት ላከው።

ከምሳ በኋላ ማለት ድሬዳዋ ላይ ቶሎ አይደለም። ከስድስት እስከ ዘጠኝ ሰዓት ከተማው ይተኛል፤ ጫቱም ሙቀቱም ተባብረው። ዘጠኝ ተኩል ገደማ በሩን ከፍተን ሳንጨርስ አንድ ወጣት ስልኩን እያውለበለበ ገባ።

«አቦ! አሥራ ሁለት ፍሪጅ ልታሸክሙኝ ነው እንዴ?»

ልጁ ደንግጦ ቆመ። ሰውዬው ስልኩን ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠው። አሥራ ሁለት መልእክት፤ በእያንዳንዱ ሌላ ሱቅ፣ ባለቤቱ ግን እሱ። ሥጋ ቤት፣ ጁስ ቤት፣ ፋርማሲ፣ አንድ የሴቶች ፀጉር ቤትም አለበት።

ጋሼ ከውስጥ ወጥተው «ና፣ ቁጭ በል የኔ ልጅ፣ ውኃ ይምጣልህ» አሉት። ጋሼ ሰው ሲቆጣ ውኃ ነው የሚያስመጡት።

ነገሩ ሲጣራ ሰውዬው የሠፈሩን ሱቆች ፎቶ እያነሳ ማፕ ላይ የሚያስገባ ወጣት ነው። ጎግል ቦታ ለሚያስገባና ፎቶ ለሚጨምር ሰው ነጥብ ይሰጣል፤ እሱም ነጥቡ ደስ ይለዋል። ባለ ሱቆቹ ግን ስልካቸውን እንዲያስገባ አልፈቀዱለትም። «ገቢዎች ያየዋል»፣ «ሌባ ይደውልብኛል»፣ «ደላላ አያስቀምጠኝም» ይሉታል። ቦታው ባዶ እንዳይሆን የራሱን ቁጥር አስገባ።

የሽያጩ ልጅ ሰንጠረዡን እንደገና ሲያየው የሰውዬው ቁጥር አሥራ ሁለት ቦታ ላይ ነበር፤ ሌሎች ሁለት ቁጥሮችም እንዲሁ እየተደጋገሙ ይታያሉ። ጋሼ በዚያን ጊዜ የጠየቁት ጥያቄ ነው ነገሩን ሁሉ የቀየረው፦ «ቀፊራ ውስጥ ያሉት የሥጋና የአሣ ነጋዴዎች የታሉ?» አልነበሩም። ታይዋን ገበያ ውስጥ ያሉትም የሉም። ትልልቆቹ ሆቴሎች አሉ፤ እነሱ ደግሞ ማቀዝቀዣ የሚገዙት ከአዲስ አበባ ነው። ከእኛ የሚገዛው ሰው ማፑ ላይ የለም፣ ማፑ ላይ ያለው ሰው ከእኛ አይገዛም። መሣሪያው ሥራውን በትክክል ሠርቷል፤ ሌላ ሰው ያስቀመጠውን ነው የለቀመው።

እኔ በግሌ የማምነው ይህንን ነው፦ ድሬ ላይ በማሽን መሠራት ያለበት ደንበኛን መፈለጉ ሳይሆን ከተገኘ በኋላ ያለው ሩጫ ነው። ፈላጊው እግር ያለው ሰው ይሁን። ጋሼም እንደዚያ አሰቡ መሰለኝ፣ ያን ተቆጥቶ የመጣ ወጣት ሱቆቹን እየዞረ እንዲመዘግብ በኮሚሽን ቀጠሩት። ሱቆቹን በስም ያውቃቸዋል፤ አማርኛ፣ ኦሮምኛና ሶማሊኛ እያቀያየረ ያወራቸዋል። ይህን የሚተካ ማራዘሚያ አላየሁም።

የሽያጩ ልጅ ስልክ ላይ የሚሞላ መጠይቅ፣ ጎግል ፎርም፣ ሠራለት። ከእርዳታ ድርጅት የመጣ አንድ ጓደኛው ኮቦ የተባለው የመረጃ መሰብሰቢያ ይሻላል ብሎት ነበር፤ ያለ ኢንተርኔት ይሠራል፣ ጂፒኤስም ይይዛል። ፎርሙ ግን መልሱን ቀጥታ ሰንጠረዥ ላይ ስለሚያወርድ እሱን መረጠ። ዋና ዋናዎቹ ጥያቄዎች ጥቂት ናቸው፦ የሱቁ ስም በሰሌዳው ላይ እንደተጻፈው፣ ስልክ፣ ሰፈርና ምልክቱ፣ ያለው ማቀዝቀዣ፣ እና «እንድንደውልልዎ ይፈቅዳሉ?» የሚለው። የመጨረሻዋን ያስገባኋት እኔ ነኝ። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ከወጣ ወዲህ የሰው መረጃ የሚይዝ ሕጋዊ ምክንያት ያስፈልገዋል፤ የባለ ሱቅ የእጅ ስልክ ቁጥርም የግል መረጃው ነው። ፈቃድ ከምክንያቶቹ አንዱ ነው፣ ለእኛ ደግሞ ቀላሉ። «አይ» ያለ ሰው ስልኩ አይጻፍም።

ድግግሞሹን በስም ለመለየት መሞከር አይጠቅምም። ድሬዳዋ ላይ ሙሐመድ፣ መሐመድ፣ ሞሐመድ ተብሎ የሚጻፍ አንድ ሰው ነው። ስልክ ይሻላል፤ እሱም እንደ ወረደ ሳይሆን የመጨረሻዎቹ ዘጠኝ አኃዞች ብቻ። በ+251 ቢጻፍ፣ በዜሮ ቢጀመር፣ ዜሮዋ ብትበላ ዘጠኙ ያው ነው። ካውንትኢፍ የሚባለው የሰንጠረዥ ቀመር የተደገመውን ይቆጥራል፤ ሰንጠረዡም በዚያ መሠረት ቀይ እንዲያደርገው ይታዘዛል። የሚያመልጠው ሁለት ሲም ያለው ነጋዴ ነው፤ እንዲህ ያለው ደግሞ እዚህ ሞልቷል። ሳፋሪኮም በኢትዮጵያ የመጀመሪያውን የሙከራ አገልግሎት በነሐሴ 2014 የጀመረው እኛው ዘንድ ነውና ብዙ ሰው 09 እና 07 አብሮ ይይዛል። ለዚያ ሁለተኛ የስልክ ቦታ ተጨመረ።

አዲስ ስም ሲገባ ለሽያጩ የቴሌግራም ቡድን እንዲነግር ልጁ አንዱን መተግበሪያ ከሌላው የሚያያይዘውን ሜክ የተባለ አገልግሎት ተጠቀመ። ይህም ያለ ኮድ ነው፤ ሳጥን ከሳጥን በመስመር ማያያዝ። ነጻው ዕቅድ በወር 1,000 እርምጃ ይፈቅዳል፤ ሰንጠረዡን የሚያየውም ቢፈጥን በየ15 ደቂቃው ነው። ልጁ በየ15 ደቂቃው አደረገው። እዚህ ላይ ሒሳብ ክፍል ጠቀመ። አዲስ ነገር ባያገኝም ማየቱ ራሱ እንደ አንድ እርምጃ ይቆጠራል፤ በቀን 96፣ በወር 2,880 ነው። ወሩ ሳይጋመስ ሊዘጋብን ነበር። ዕቅዱን ከፍ ለማድረግ ደግሞ በውጭ ምንዛሪ የሚከፍል ካርድ ያስፈልጋል፤ ያ ካርድ ማን ጋ አለ? ስለዚህ ከጠዋቱ ሁለት እስከ ማታ ሁለት ሰዓት፣ በየሰዓቱ አንድ ጊዜ እንዲያይ ተደረገ። በወር 360 ነው፤ ለመልእክቶቹም ይተርፋል።

ከሁሉም ያሳቀን የቀጠሮው ጉዳይ ነው። ፎርሙ ላይ «ስንት ሰዓት እንደውል?» የሚል የሰዓት ቦታ ነበረ። ባለ ሱቁ «አሥር ሰዓት» ይላል፣ ሰብሳቢው 10:00 ብሎ ያስገባል፤ ማስታወሻው ታዲያ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ላይ ይጮኻል። አንዷ ባለ ምግብ ቤት ለምሳ ሽንኩርት እየጠበሰች ሳለ ተደውሎላት «ልጄ፣ አሥር ሰዓት ያልኩህ ምሳ ስሠራ ደውልልኝ ማለቴ ነው እንዴ?» ብላ ስልኩን ዘጋችው። ስድስት ሰዓት መደመር ይቻል ነበር፤ ግን አንዳንዱ ሰው በፈረንጅ አቆጣጠር ይናገራል፣ አንዳንዱ በኛ። የሰዓቱ ቦታ ተነሥቶ ሁለት ምርጫ ብቻ ቀረ፦ «ጠዋት» እና «ከበርጫ በኋላ»። ከዚያ ወዲህ አልተሳሳተም። «ከበርጫ በኋላ» የሚለውን ጋሼ መጀመሪያ ተቃውመውት ነበር፤ ለድርጅት አይመጥንም ብለው።

ረመዳን ገባ፣ ሽያጩም ክፉ አልነበረም። ሰንጠረዡ ላይ በብዛት የሞላው ግን «አዲስ እፈልጋለሁ» የሚለው ሳይሆን «ያለኝ አይቀዘቅዝም» የሚለው ሳጥን ነው። ጋዝ የጎደለው፣ ኮምፕረሰሩ የተቃጠለበት፣ በሩ የማይገጥም። ቴክኒሻናችን አንድ ሰው ነው፤ ቴሌግራሙ በጮኸ ቁጥር «ይህን ነገር አጥፉልኝ» ይላል። ጋሼ ሁለተኛ ቴክኒሻን እየፈለጉ ነው፤ ሰብሳቢው ወጣትም ገንደ ቆሬ ውስጥ የሚያውቀው አንድ ጥሩ ልጅ አለ ብሏል።