ሰኔ 15 ሌሊት

ዛሬ ሰኔ 15 ነው፣ በፈረንጅ ጁን 22፣ ጀርመን ሶቭየት ህብረትን የወረረችበት ቀን። አባዬ በህይወት እያለ ይቺን ቀን ሳያነሳት አያልፍም ነበር። በደርግ ጊዜ ኪየቭ ነው የተማረው፣ ዶርማቸው በር ላይ የምትቀመጥ አንዲት አሮጊት ነበረች፣ ወንድሟ ጦርነቱ በጀመረበት በ1941 እዛው ኪየቭ አካባቢ ተከቦ የቀረባት (ዓመቶቹን በፈረንጅ ነው የምጽፈው)። በየዓመቱ በዛ ቀን ሻይ አፍልታ ለተማሪዎቹ ትሰጥ ነበር አለኝ፣ ምንም ሳትናገር።

ትላንት ማታ እንቅልፍ እምቢ ሲለኝ ስለዛ ሌሊት ሳነብ አመሸሁ። ስታሊን አልሰማም ነበር እንዳይባል የሶቭየቱ ሰላይ ሶርጌ ከቶኪዮ ጽፏል፣ ቸርችል አስጠንቅቋል፣ ጥቃቱ አምስት ቀን ሲቀረው ደግሞ ከጀርመን አየር ኃይል ውስጥ የወጣ መረጃ ጠረጴዛው ላይ ደርሶ ይሄ ምንጭ ሳይሆን አሳሳች ነው ብሎ ከነስድቡ ጻፈበት። በዋዜማው አንድ የጀርመን ወታደር የድንበሩን ወንዝ ዋኝቶ ወደ ሶቭየቶቹ ተሻግሮ ነገ ጎህ ሲቀድ ይመጡባችኋል ብሎ ነገራቸው። ጥቃቱ ሊጀመር ትንሽ ሲቀረው እንኳን ለጀርመን እህል የጫነ የሶቭየት ባቡር ድንበሩን እየተሻገረ ነበር። ይሄን ሳነብ ልቤ ነው የደማው።

ግን የባሰው ስታሊንን መፍራታቸው ነው። በ1937 ማርሻል ቱካቼቭስኪን ረሸኑት፣ ከአምስቱ የሶቭየት ማርሻሎች ሶስቱ ስታሊን ጦሩን ባጠራበት በዛው ዘመቻ አለቁ። የወታደራዊ ደህንነቱ ኃላፊ ጎሊኮቭ ከሱ በፊት የነበረው ፕሮስኩሮቭ እንዴት እንደተባረረ ያውቃል (ጦርነቱ ከተጀመረ በኋላ አስረው ገደሉት)፣ ስለዚህ የሚመጣለትን ማስጠንቀቂያ አጠራጣሪ ነው፣ የእንግሊዝ ወሬ ነው እያለ ወደ ላይ ይልክ ነበር። አለቃው መስማት የሚፈልገውን መሆኑ ነው። እኔ በጎሊኮቭ ቦታ ብሆን ምን አደርግ ነበር እያልኩ ራሴን ስጠይቅ ነው የነጋብኝ።

ከዛ ኪየቭ። ጁላይ መጨረሻ ላይ ዡኮቭ ከተማዋን ለቀን ጦሩን እናድን አለ፣ ስታሊን ተቆጣ፣ ዡኮቭም ከኢታማዦር ሹምነቱ ተነሳ። ቀጥሎ የአካባቢው ጦር የበላይ አዛዥ ቡድዮኒ እንውጣ ብሎ ጠየቀ፣ እሱንም አነሱት። ሴፕቴምበር አጋማሽ ላይ የጀርመን ታንኮች ከሰሜንና ከደቡብ መጥተው ከከተማዋ በስተምስራቅ ተገናኙ፣ ውጡ የሚለው ትእዛዝ የመጣው ከተከበቡ በኋላ ነው፣ 19 ላይ ኪየቭ ወደቀች። ከ600 ሺህ በላይ ሰው ሞተ ወይ ተማረከ። የተከበበው ጦር አዛዥ ኪርፖኖስ ራሱ ከከበባው ሊወጣ ሲሞክር ሞተ።

በቀጣዩ ዓመት ስታሊን ዡኮቭንና ሌላውን ጄኔራል ቫሲሌቭስኪን መስማት ጀመረ፣ ስታሊንግራድ ላይም አሸነፉ፣ ያኔ ደግሞ አልሰማም ያለው ሂትለር ነበር፣ የጀርመኑን ጦር አዛዥ ጳውሎስን ከከበባው እንዳይወጣ ከለከለው፣ 91 ሺህ ገደማ ሰው እጁን ሰጠ፣ አገሩ የተመለሰው ስድስት ሺህ ቢሆን ነው። ስታሊን የተማረው ግን በማን ልጅ ህይወት ነው? ይሄን ነው ማለፍ ያቃተኝ። ሰዎች መጨረሻ ላይ አሸነፈ አይደል ይሉኛል፣ እኔ ግን 600 ሺውን ዘልዬ ድሉ ጋ መድረስ አልችልም።

ዛሬ ጠዋት ሻይ አፈላሁ። አባዬ የአሮጊቷን ወንድም ስም ነግሮኝ ነበር፣ 19 ዓመቱ እንደነበረም ነግሮኛል። እድሜውን አስታውሳለሁ፣ ስሙ ግን ጠፋብኝ፣ አሁን የምጠይቀውም የለም።