የድሮን አብራሪነት ፈተና የሚለካውና የማይለካው

በአሜሪካ ድሮንን ለሥራ ለማብረር የሚያስፈልገውን የምስክር ወረቀት ለማግኘት የሚሰጠው ፈተና፣ ተፈታኙ መቆጣጠሪያውን ጨብጦ ድሮኑን እንዲያስነሳ አንድም ጊዜ አይጠይቀውም። ኮምፒውተር ፊት ተቀምጦ የምርጫ ጥያቄዎችን መመለስ ብቻ ነው። ለፈተናው መዘጋጀት በጀመርኩበት ሰሞን ይህ ነገር እንግዳ ሆኖብኝ ነበር፤ ዝግጅቱ እየገፋ ሲሄድ ግን የፌዴራል አቪዬሽን አስተዳደሩ ምን ሊያረጋግጥ እንደፈለገ ገባኝ። የሚፈለገው ከመነሣቱ በፊት ካርታውንና የአየር ሁኔታውን አንብቦ መብረር እንደሚችልና እንደማይችል መወሰን የሚችል ሰው ነው። በዚህ በከፊል እስማማለሁ፤ የማልስማማበትን ወደ ኋላ ላይ እመለስበታለሁ።

አስቀድሞ መስተካከል ያለበት አንድ የተለመደ አስተሳሰብ አለ። ብዙዎች ገንዘብ እስካልተቀበሉ ድረስ ፈቃዱ እንደማይመለከታቸው ያምናሉ። እ.ኤ.አ. ከነሐሴ 2016 ጀምሮ በሥራ ላይ ያለውና በአብራሪዎች ዘንድ «ክፍል 107» እየተባለ የሚጠራው ደንብ የሚያየው ግን የበረራውን ዓላማ ነው። ዓላማው ለራስ መዝናኛ ብቻ ካልሆነ፣ ክፍያ ኖረም አልኖረም በረራው በዚህ ደንብ ሥር ይወድቃል። የሚሸጥ ቤት ፎቶ ለወዳጁ በነጻ የሚያነሣ ሰውም ሆነ ለበጎ አድራጎት ድርጅት በፈቃደኝነት ቪዲዮ የሚቀርጽ ሰው፣ በሕጉ ዓይን ደመወዝ ከሚከፈለው ባለሙያ ተለይቶ አይታይም።

የፈተናው ሥርዓት ራሱ ብዙ የሚያስቸግር ነገር የለውም። ዕድሜ ቢያንስ 16 ዓመት መሆን አለበት፤ እንግሊዝኛ ማንበብ፣ መጻፍ፣ መናገርና መረዳት ያስፈልጋል። ጥያቄዎቹ 60፣ የተሰጠው ጊዜ 2 ሰዓት፣ የማለፊያው ውጤት 70 በመቶ፣ ክፍያው 175 ዶላር ነው። የወደቀ ሰው 14 ቀን ጠብቆና እንደገና ከፍሎ ይፈተናል። ካለፉ በኋላ ማመልከቻ ይሞላል፣ የጸጥታ ማጣሪያ ይደረጋል፣ ከዚያም ጊዜያዊ የምስክር ወረቀት ይሰጣል።

ትልቁ ሥራ ያለው ካርታው ላይ ነው። የአቪዬሽን ካርታን ለመጀመሪያ ጊዜ የሚያይ ሰው በመስመርና በቁጥር ብዛት ይደነግጣል፤ ሰማዩ እንደ ቁጥጥሩ መጠን «ክላስ» በሚባሉ ደረጃዎች የተከፈለበት የአየር ክልል ክፍፍል አንዴ ከገባው ግን ካርታው መናገር ይጀምራል። ታላላቅ አውሮፕላን ማረፊያዎችን የሚከበው ክላስ ቢ ባልተቆረጠ ሰማያዊ መስመር፣ ክላስ ሲ ባልተቆረጠ ማጀንታ (ወደ ሐምራዊ የሚያደላ ሮዝ) መስመር፣ ክላስ ዲ በተቆራረጠ ሰማያዊ መስመር ይታያል፤ የተቆራረጠ ማጀንታ መስመር ደግሞ ከመሬት የሚጀምረውን ክላስ ኢ ያመለክታል። ከእነዚህ ክልሎች በአንዱ ውስጥ ከመሬት አንሥቶ ማብረር የሚፈልግ ሰው አስቀድሞ የአየር ትራፊክ ቁጥጥሩን ፈቃድ ማግኘት አለበት። ፈተናው ሰውን የሚያጠምደው ዳሩ በደበዘዘው ማጀንታ ጥላ ላይ ነው። ይህ ጥላ ባለበት ቦታ ክላስ ኢ የሚጀምረው ከመሬት 700 ጫማ በላይ ስለሆነ፣ ከ400 ጫማ የማያልፍ ድሮን ከሥሩ ባለው ቁጥጥር የሌለበት ክላስ ጂ ውስጥ ያለ ፈቃድ ይበርራል። የሁለቱን ማጀንታዎች ልዩነት በውል ያልለየ ሰው፣ መብረር በሚችልበት ቦታ ፈቃድ ሲጠብቅ፣ ወይም ይባስ ብሎ ፈቃድ በሚያስፈልገው ቦታ ዝም ብሎ ሲነሣ ይገኛል። ምልክቶቹን ሁሉ በቃል መያዝ ግን ጊዜ ማባከን ነው፤ የምልክቶቹ መፍቻ ለተፈታኙ በሚሰጠው የካርታዎች ጥራዝ ውስጥ ታትሞ ይገኛል። መለማመድ የሚገባው መፍቻውን በፍጥነት መጠቀምን ነው።

ከፍታም እንዲሁ ጥንቃቄ ይፈልጋል። ድሮን ከመሬት በላይ ከ400 ጫማ እንዳያልፍ የተወሰነው ያለ ምክንያት አይደለም፤ ሰው የጫኑ አውሮፕላኖች ሕዝብ ካልተጨናነቀበት አካባቢ በላይ ሲበርሩ በአብዛኛው ከ500 ጫማ ዝቅ እንዳይሉ ስለሚገደዱ፣ በመካከል ቀጭን መለያ ይቀራል። ሆኖም በዙሪያው በ400 ጫማ ርቀት ውስጥ እስከሆኑ ድረስ፣ ከአንድ ግንብ ጫፍ በላይ እስከ 400 ጫማ መውጣት ይፈቀዳል። ስለዚህ 1,000 ጫማ የሚረዝም የመገናኛ ማማ የሚመረምር አብራሪ፣ ቁጥጥር በሌለበት የአየር ክልል ውስጥ 1,400 ጫማ ድረስ በሕግ መውጣት ይችላል። በካርታው ላይ ያሉት የአየር ክልል ቁጥሮች በአብዛኛው ከባሕር ጠለል የሚለኩ፣ የድሮኑ ወሰን ደግሞ ከመሬት የሚለካ መሆኑን የዘነጋ ሰው ሒሳቡ ሁሉ ይበላሽበታል።

የአየር ሁኔታ ዘገባዎቹ በምሕጻር የተጻፉ ስለሆኑ መጀመሪያ ላይ አሰልቺ ናቸው፤ ለሥራዬ ግን ከሁሉ የበለጠ የጠቀመኝ ክፍል ይህ ነው። 27015 የሚል ቁጥር ሲታይ፣ ነፋሱ ከ270 ዲግሪ፣ ማለትም ከምዕራብ፣ በ15 ኖት (በሰዓት 15 የባሕር ማይል) እየነፈሰ ነው ማለት ነው። የደመና ከፍታ በመቶ ጫማዎች ስለሚጻፍ 008 ማለት 800 ጫማ ነው። ደንቡ ድሮኑ ከደመና ቢያንስ 500 ጫማ ዝቅ እንዲል፣ በአግድም 2,000 ጫማ እንዲርቅ ያዝዛል፤ እይታውም ቢያንስ 3 ማይል መሆን አለበት። እንግዲህ ደመናው 800 ጫማ ላይ ከሆነ፣ ከሥሩ የሚቀረው የበረራ ጣሪያ 300 ጫማ ብቻ ነው፤ አራት መቶው የለም። ሞቃት፣ እርጥበታማና ከፍ ያለ ቦታ አየሩን እንደሚያሳሳውና ተሽከርካሪ ክንፎቹ የሚያነሡት ኃይል እንደሚቀንስም ፈተናው ይጠይቃል፤ ከባድ ካሜራ የሚሸከም ሰው ይህን ከመጽሐፍ ቢማረው ይሻለዋል።

አልኮል ከጠጡ በኋላ 8 ሰዓት ሳያልፍ፣ ወይም በደም ውስጥ ያለው መጠን 0.04 በመቶና ከዚያ በላይ ከሆነ ማብረር ክልክል ነው። ፈተናው ስለ አብራሪ አስተሳሰብም ይጠይቃል፤ ደንብን መጥላት፣ መቸኮል፣ እኔን አይነካኝም ማለት፣ ጀብደኝነትና ተስፋ መቁረጥ አደገኛ ተብለው በስም ተዘርዝረዋል። ይህን ክፍል ተማሪዎች በቀላሉ ያልፉታል። ደንበኛው ሰዓቱን እያየ «ትንሽ ነፋስ እኮ ነው» ሲል፣ ከአምስቱ አንዱ በራሱ በአብራሪው ውስጥ እንደሚነሣ ግን ሥራውን የጀመረ ሁሉ ያውቀዋል።

አሁን ወደማልስማማበት ልምጣ። ፈተናውን በጥሩ ውጤት ያለፈ ሰው፣ የሳተላይት አቅጣጫ መቀበያው በድንገት ቢቋረጥና ድሮኑ በነፋስ መንሸራተት ቢጀምር ምን እንደሚያደርግ በእጁ ተለማምዶ ላያውቅ ይችላል። ወደ ላይ ሲወጣ ነፋሱ እንደሚበረታ፣ በነፋስ ተገፍቶ በቀላሉ የሄደ ድሮን ነፋሱን እየተጋፈጠ ሲመለስ ባትሪውን በፍጥነት እንደሚጨርስ ማወቅ አንድ ነገር ነው፤ በዚያው ሰዓት የባትሪው መቶኛ ሲወርድ እያዩ ተረጋግቶ ከፍታን መቀነስ ሌላ ነገር ነው። በአውሮፓ ኅብረት ለሰዎች ቀረብ ብሎ ለማብረር የሚያስፈልገውን ኤ2 የተባለ ደረጃ የሚፈልግ ሰው፣ ከጽሑፍ ፈተናዎቹ በተጨማሪ የተግባር ልምምድ ማድረጉን በራሱ ቃል ያረጋግጣል። ተቆጣጣሪ ስለሌለው ፍጹም አይደለም፤ ቢያንስ ግን ልምምዱ ግዴታ መሆኑን ይናገራል። ለጀማሪ የምመክረው፣ የደንበኛ ሥራ ከመቀበሉ በፊት ሰው በሌለበት ሰፊ ሜዳ፣ አውቶማቲክ ድጋፉን አጥፍቶ ድሮኑን በእጁ ብቻ ማቆምንና መመለስን እስኪለምድ እንዲደጋግም ነው።

የምስክር ወረቀቱ ከተገኘ በኋላ የሚቀሩት ጥቂት ግዴታዎች ናቸው። ለሥራ የሚውል እያንዳንዱ ድሮን በየራሱ ይመዘገባል፤ ምዝገባው 5 ዶላር ሲሆን ለ3 ዓመት ያገለግላል። ጥቂት ልዩ ሁኔታዎች ካልኖሩ በቀር፣ ድሮኑ በበረራ ላይ ማንነቱንና ቦታውን በሬዲዮ ማሰራጨት አለበት። አብራሪው ደግሞ በየ24 ወሩ የማደሻ ሥልጠና ይወስዳል፤ እሱ በኢንተርኔት የሚሰጥና ክፍያ የሌለው ስለሆነ፣ ጊዜው አልፎበት በረራ የሚሰርዝ ሰው ሳይ ይገርመኛል።