ደመና ስር የቀረው እሳት

ኢንፍራሬድ (ዓይን የማያየውን የሙቀት ጨረር የሚያነበው መሣሪያ) ሁሉን ነገር ያያል ብሎ የሚከራከር ሰው ካጋጠማችሁ፣ በእሳት ወቅት አንድ ሌሊት ከእኛ ጋር ይደር።

ሥራዬ ካርታ ነው። ሰሜን ካሊፎርኒያ ውስጥ ደን ሲቃጠል አንድ ሜዳ ላይ ድንኳንና ተጎታች ቤት ይደረደርና ካምፕ ይሆናል። እኛ ከተጎታቾቹ አንዱ ውስጥ እንገባና ሌሊቱን ካርታ ስናትም እናድራለን። እሳት አጥፊዎቹ ጠዋት ሲወጡ በእጃቸው የሚይዙት ያንን ነው። ጄነሬተሩ ይጮኻል፣ ቡናው ውሃ ውሃ ይላል (ቡና ብለው የሚጠሩት እነሱ ናቸው)፣ ልብስህ ለሳምንት ጭስ ጭስ ይሸታል።

የእሳቱ ዳር የት ደረሰ የሚለውን መረጃ በአብዛኛው የምናገኘው ከአውሮፕላን ነው። የአሜሪካ የደን አገልግሎት በሆዳቸው ኢንፍራሬድ ስካነር የተገጠመላቸውን አውሮፕላኖች ማታ ማታ ያበርራል። ማስተባበሪያው ያለው አይዳሆ፣ ቦይዚ ውስጥ ነው። ነገሩ አዲስ ፈጠራ እንዳይመስላችሁ፤ ሚዙላ፣ ሞንታና በሚገኘው የእሳት ቤተ ሙከራ ሙከራው የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1962 ነው።

ለምን ማታ? ቀን ቀን ፀሐይ ድንጋዩንም አስፋልቱንም የቆርቆሮ ጣሪያውንም ታሞቀዋለች፣ ለሴንሰሩ ሁሉም ትኩስ ነው። ሌሊት መሬቱ ሲቀዘቅዝ ግን ፍሙ ብቻውን ጎልቶ ይወጣል። ስካነሩ ደግሞ እንደ ካሜራ ቀጭ አድርጎ አያነሳም። ውስጡ የሚሽከረከር መስታወት አለ፤ አውሮፕላኑ ወደፊት ሲሄድ መሬቱን ከግራ ወደ ቀኝ፣ መስመር በመስመር ይጠርጋል። በ10,000 ጫማ ከፍታ ላይ በአንድ ጉዞ ወደ 10 ኪሎ ሜትር ስፋት ይሸፍናል። ከዚያ ከፍታ ላይ ሆኖ ከእንጀራ ምጣድ ያነሰ ፍም ነጥሎ ይይዛል። ሁለት ዓይነት ጨረር ነው የሚያነበው፦ አንደኛው የሞገድ ርዝመቱ ከ3 እስከ 5 ማይክሮሜትር (ማይክሮሜትር የሚሊሜትር አንድ ሺህኛ ነው)፣ ሌላኛው ከ8 እስከ 12። እሳት በመጀመሪያው በጣም ያበራል፣ ተራ መሬት በሁለተኛው። ሁለቱን ስታወዳድር ፀሐይ ያሞቀው አለት የቱ፣ እውነተኛው እሳት የቱ እንደሆነ ትለያለህ።

ምስሉ አውሮፕላኑ ገና ሰማይ ላይ እያለ በኢንተርኔት ይላካል። የሚያነቡት በዚህ የሠለጠኑ ሰዎች ናቸው። ብዙ ጊዜ ሌላ ስቴት ሆነው ነው የሚሠሩት። አንድ ሰሞን የኛን እሳት ታነብልን የነበረችው ሴትዮ በሥራው ያረጀች ናት፣ በአካል አግኝቻት አላውቅም፣ ድምፅዋን ግን ከሺህ ሰው መሀል እለየዋለሁ። የእሳቱን ዳር ትስላለች፣ ኃይለኛ ሙቀት ያለበትን፣ የተበታተነውን፣ ለብቻው የቀረውን ነጠላ ፍም ትለያለች፣ ሳይነጋ ትልክልናለች።

ታዲያ ሰው የሚሳሳተው ጭስና ደመና ላይ ነው። ጭስ ለኢንፍራሬድ ያን ያህል ችግር አይደለም። የጭሱ ብናኝ አብዛኛው ከ1 ማይክሮሜትር ያነሰ ስለሆነ ሞገዱ የሚረዝመው የኢንፍራሬድ ጨረር ያልፈዋል። ስካነሩ በወፍራም ጭስ ውስጥ እሳቱን ቁልጭ አድርጎ ሲያሳይ ያየ ሰው «ይሄማ ምንም አያግደውም» ይላል። ደመና ግን የውሃ ጠብታ ነው። ጠብታዎቹ ከጭሱ በብዙ እጥፍ ይበልጣሉ፣ ጨረሩን ያስቀሩታል። ወፍራም ደመና ካለ ከስሩ ያለው ቢነድም ባይነድም ምስሉ ላይ አንድ ነው፣ ቀዝቃዛ።

በዚያ ሰሞን አንድ ሌሊት ከባሕሩ በኩል እርጥብ አየር ገባና ደመናው በሰሜን ምሥራቁ ጥግ ላይ ተኛ። ሴትዮዋ ደወለች። «ሰሜን ምሥራቁን አላየነውም። አውሮፕላኑ ሁለቴ ተመላልሷል፣ አልሆነም። ያልታየውን ቦታ ከልዬ ልኬልሃለሁ፣ እንዳይረሳ።» አልረሳሁም። ካርታው ላይ ቦታው በሰያፍ መስመር ተሞልቶ ገባ፣ ስክሪኑ ላይም ይታያል፣ በፕሎተር (በትልቁ የካርታ ማተሚያ) ያተምነው ላይም ይታያል። የሰያፍ መስመሩን ቀለም የወሰኑልን የበላዮቻችን ናቸው፣ ፈዘዝ ያለ ግራጫ፣ ከስሩ ያለውን ኮረብታና መንገድ እንዳይሸፍን ተብሎ።

ቡድኖቹን መሬት ላይ የሚመሩት ክፍል አለቆች ግን ትልቁን ካርታ ተሸክመው ጫካ አይገቡም። ኪስ የሚገባ ትንሽ ቅጂ ነው የሚይዙት፣ ያ ደግሞ በጥቁርና ነጭ ኮፒ ማሽን ይባዛል። ከኛ ሌላ ሰው ነው የሚያባዛው፣ ማሽኑም ቶነሩ (የቀለም ዱቄቱ) እያለቀ ነበር።

ጠዋት ትልቁን ካርታ ልሰቅል ወደ ብሪፊንጉ (የዕለቱ ሥራ ወደሚነገርበት ስብሰባ) ሄድኩ። ከጎኔ አንድ የክፍል አለቃ ወረቀቱን በጣቱ እየነካ ለልጆቹ ያስረዳል። «እዚህ ጋ ምንም የለም። ሁለቱን ቡድን ወደ ደቡብ እወስዳለሁ።» የሚነካው ሰሜን ምሥራቁን ነው። ወረቀቱን አየሁት። ነጭ። ሰያፍ መስመር የለ፣ ምን የለ፣ እንደ ጤነኛ ደን ንጹሕ።

እኔ አፌን ሳልከፍት ከኋላ አንድ የዶዘር ሹፌር፣ የዚያው አገር ሰው፣ «ምንም የለም ያለው ማነው?» አለ። «ማታ ቁልቁል ስወርድ ጅረቱ አፋፍ ላይ ሲነድ አይቻለሁ።» ወረቀቱን ተቀብዬ ትልቁ ካርታ ላይ አስጠጋሁት። አለቃው አንዴ ይሄን አንዴ ያን አየ፣ ከዚያ እዚህ የማይጻፍ ነገር ተናገረ። ቡድኖቹ ባሉበት እንዲቆዩ ተደረገ። ረፈድ ሲል ደመናው ተገፈፈ፣ ሄሊኮፕተር ሄዶ አየ፣ እሳቱ አሮጌውን የግንድ መጫኛ መንገድ ተሻግሮ አገኘው። ሰው አልተጎዳም። ሁለቱ ቡድን ወደ ደቡብ ሄደው ቢሆን ኖሮ ግን ያንን ጎን የሚይዝ አንድም ሰው አልነበረም።

ማታ ስብሰባ ተጠራ። እንደተለመደው ጥፋተኛ ፍለጋ ተጀመረ፦ አንዱ ኮፒ ማሽኑን፣ አንዱ ፈዛዛውን ግራጫ፣ አንዱማ ጭራሽ ሴትዮዋን «ለምን በደንብ አላሳወቀችም» አለ። ይሄኛው ክስ አናደደኝ። ደውላ ነግራናለች፣ ቦታውን ከልላለች፣ ጽፋለች፣ ከዚህ በላይ ምን ታድርግ፣ በሄሊኮፕተር መጥታ ጆሯችን ላይ ትጩኽ? አዲስ ቶነር ይገዛ ተባለና ተገዛ። ለኔ ግን ቶነሩ ትንሹ ነገር ነው። ካርታ የሚሠራ ሰው ያየውን ለማሳመር ሲደክም ይውልና ያላየውን በፈዛዛ ቀለም ያልፈዋል፣ አንባቢው ደግሞ ባዶ ቦታ ሲያይ «ሰላም ነው» ብሎ ነው የሚያነበው። ከዚያ በኋላ ያልታየ ቦታ በወፍራም ጥቁር መስመር ሆነ፣ መሀሉ ላይም «አልታየም፣ ደመና» ተብሎ በትልቁ ይጻፋል፣ ኮረብታውን ቢሸፍንም ይሸፍን። ማንኛውም ካርታ ከመውጣቱ በፊት እዚያው በሚባዛበት ማሽን አንድ ቅጂ አውጥተን እናያለን። ብሪፊንግ ላይም በቃል ይነገራል።

በማግስቱ ሌሊት ሰማዩ ጠራ፣ አውሮፕላኑ ሁሉንም አየ፣ የእሳቱ ስፋት በአንዴ ዘለለ። ዜናው «በአንድ ሌሊት ተስፋፋ» አለ። ግማሹ የትናንቱ ነው፣ ያኔ ስላልታየ አልተቆጠረም። የኤከር ቁጥር (የተቃጠለውን መሬት ስፋት) ስታነቡ ይቺን ያዙልኝ፣ የዘለለው ቁጥሩ ይሁን እሳቱ መጀመሪያ ጠይቁ።

ሳተላይትም ያው ነው። ናሳ ፈርምስ በሚባለው ገጹ ለማንም ሰው በነጻ የሚያሳያቸው ቀይ ነጥቦች፣ ቪርስ ከሚባለው ሴንሰር የመጡት፣ እያንዳንዳቸው 375 ሜትር በ375 ሜትር የሚያህል ቦታ ይወክላሉ፣ ሳተላይቱም በቀን የሚያልፈው ጥቂት ጊዜ ነው። ደመና ካለ ነጥብ የለም። በ2011 ዓ.ም. የሰሜን ተራሮች ፓርክ ሲቃጠል፣ ከኬንያ ሄሊኮፕተር፣ ከእስራኤል ባለሙያዎች የመጡ ጊዜ፣ አንድ የጎንደር ጓደኛዬ በየቀኑ ስክሪንሾት ይልክልኝ ነበር። አንድ ቀን «ዛሬ ነጥብ የለም፣ ጠፋ ማለት ነው አይደል?» አለኝ። የዚያኑ ቀን ተራ የሳተላይት ፎቶ ከፍተህ ደመና መኖር አለመኖሩን እይ አልኩት፣ ካልገባህ ደግሞ ፓርኩ አጠገብ፣ ደባርቅ ላለ ሰው ደውል።