ቡናዋ ያለችበት መቁጠሪያ

አያቴ ከዘጠና ዓመት በላይ ኖረው በ2009 ዓ.ም. ወደ ጌታ ሲሄዱ የእንጨት መቁጠሪያቸው ለእኔ ደረሰኝ። ከሃምሳ ዘጠኙ ፍሬዎች አንዷ የእንጨት አይደለችም፤ ከጓሯቸው ተለቅማ ከነገለፈቷ የደረቀች፣ በወፍራም መርፌ ተበስታ ክሩ ላይ የገባች ቡና ናት። እግዚአብሔር ያደረገልንን የምመሰክረው ከእርሷ ተነሥቼ ነው።

አያቴ በጉራጌ የእምድብር ሰው፣ ካቶሊክ ነበሩ። ማንበብ ባይችሉም የግዕዙን ቅዳሴ በቃላቸው ይቀበሉ ነበር፤ በ1996 ዓ.ም. እምድብር ራሷን የቻለች ሀገረ ስብከት ስትሆን ድምፃቸው እስኪዘጋ እልል ብለዋል።

አጎቴ ለውትድርና ተወስዶ ወደ ሰሜን ዘምቶ ነበር። በመጋቢት 1980 ዓ.ም. ኤርትራ ውስጥ አፋቤት ላይ የነበረው የደርግ ጦር ከተደመሰሰ በኋላ ደብዳቤው ተቋረጠ። ወራት ሲያልፉ ዘመድ ተሰብስቦ ለቅሶ እንዲቀመጡ መከራቸው፤ እሳቸው ግን “ሲሞት ያየ ሰው አምጡልኝና አለቅሳለሁ፤ እስከዚያው መቁጠሪያዬን ተዉልኝ” አሉ። በዚያው ሰሞን ክሩ ተበጥሶ አንዲት ፍሬ ስለጠፋች ቡናዋን ተክተው “ይህቺ የልጄ ናት” አሉ። ማታ ማታ ምድጃው ዳር ተቀምጠን “ሰላም ለኪ ማርያም” ስንል ጣታቸው ቡናዋ ላይ ሲደርስ ዝም ይላሉ፤ ስሙን ቀስ ብለው ይጠሩና ይቀጥላሉ። ማክሰኞ ማክሰኞ ደግሞ የጠፋን በማስገኘት የሚታወቀውን፣ ቤተ ክርስቲያናችንም የተሰየመችለትን ቅዱስ አንጦንዮስ ዘፓዱዋን ይማጸኑ ነበር።

በመስቀል የጉራጌ ልጅ ከሄደበት ወደ ቤቱ ይገባል። ሦስት መስቀል አያቴ ለአጎቴ ክትፎውን በጣባ አቅርበው ቦታውን ክፍት አድርገው ጠበቁት፤ ሳይነካ ሲቀር ልጇ እንደ አጎቴ ዘምቶ ለቀረባት ለአንዲት ጎረቤታችን ይልኩላታል።

በመስከረም 1984 ዓ.ም.፣ ደርግ በወደቀ በአራተኛው ወር፣ ለመስቀል ሁለት ቀን ሲቀረው አመሻሹ ላይ ውሻችን ጮኸ። የከሳ፣ ጢሙ ያደገ፣ በላስቲክ ጫማ የመጣ ሰው ደጃፉ ላይ ቆሟል። አጎቴ ተማርኮ እዚያው ኤርትራ፣ ሳህል ውስጥ ከርሞ፣ ግማሹን መንገድ በእግሩ ተጉዞ መምጣቱን ኋላ ላይ ነገረን። አያቴ አልጮኹም። እንሰት ሲፍቁ በሻከረ መዳፋቸው ፊቱን፣ ጆሮውን፣ በልጅነቱ ወድቆ የተፈነከተበትን ግንባሩን ዳሰሱ፤ ከዚያ እዚያው መሬቱ ላይ ተንበረከኩ። ሙስሊሙም ኦርቶዶክሱም ጎረቤት ቤታችንን ሞላው፤ በዚያ መስቀል ጣባው ባለቤቱን አገኘ።

የጎረቤታችን ልጅ አልተመለሰም። እናቱም እንደ አያቴ አጥብቃ ትጸልይ ነበር፤ ለምን እንዲህ እንደሆነ መልስ የለኝም፤ ለእኛ የተደረገልንን ግን መሸሸግ አልችልም። አጎቴ ከገባ በኋላ መቁጠሪያው በትክክለኛ ፍሬ እንዲጠገን አንድ ካህን ቢያሳስቧቸው፣ አያቴ “ቡናዋ አሁን የጎረቤቴ ልጅ ናት” ብለው እምቢ አሉ። ከዚያ ወዲያ ሃያ አምስት ዓመት ሙሉ እዚያች ፍሬ ላይ ሲደርሱ የሚጠሩት የዚያን ልጅ ስም ነበር። ቀንዲል ተቀብተው ባረፉባት ሌሊት እጃቸውን ይዤ አብሬያቸው ስቆጥር፣ ድምፃቸው ጠፍቶ ከንፈራቸው ብቻ ሲንቀሳቀስ፣ ቡናዋ ላይ ስንደርስ ጣታቸው ቆመ፤ እሳቸው ሊጠሩት ያልቻሉትን ስም እኔ ጠራሁላቸው።