ቪዲዮው ላይ ተቆርጦ የሚወጣው ክፍል

ዛሬ የዴቨሎፐሮች ሚታፕ (ኮድ የሚጽፉ ሰዎች ተገናኝተው የሚማማሩበት ስብሰባ) ላይ ነበርኩ። አብዛኛው ንግግር ያው የተለመደው ነው፤ ስለ ኤአይ ብዙ ተባለ፣ እሱን እንለፈው። አንድ ልጅ ግን ላፕቶፑን ከፕሮጀክተሩ ጋር አገናኝቶ፣ ድሮ ሲሠራ የነበረና አሁን እምቢ ያለ ኮድ እዚያው ፊታችን ማስተካከል ጀመረ።

መጀመሪያ ያደረገው የስህተቱን መልእክት ማንበብ ነው። የምር ማንበብ! ፓይተን በሚባለው የፕሮግራሚንግ ቋንቋ ከታች ወደ ላይ፤ የስህተቱ ዓይነት ያለው መጨረሻው መስመር ላይ ነዋ። ከዚያ ጊት ባይሴክትን አስነሳ፤ ጊት የኮድ ለውጦችን ታሪክ የሚይዝ መሣሪያ ነው፣ ባይሴክት ደግሞ ኮዱን ያበላሸውን ለውጥ የሚፈልግ ትእዛዙ። የሚሠራውን የድሮ ኮሚት (ጊት ላይ የተመዘገበ የኮድ ለውጥ) እና የተበላሸውን ትነግረዋለህ፤ ጊት መሃል ላይ ያለውን አውጥቶ እንድትሞክረው ይሰጥሃል። በየዙሩ ግማሹ ከጥርጣሬ ይወጣል። 1000 ኮሚት ቢኖር እንኳ 10 ገደማ ሙከራ ይበቃል። ጊት ከ2005 ጀምሮ አለ፤ ስንቶቻችን ግን ከኮሚትና ከፑሽ (ለውጡን ከመመዝገብና ወደ ሰርቨር ከመላክ) አልፈናል?

እንዲህ ያለውን ነገር ኦንላይን ኮርስ ላይ ብዙም አናይም ስል ኮርሱን ማጣጣሌ አይደለም። የሃርቫርዱ ሲኤስ50ም ሆነ ፍሪኮድካምፕ በነፃ የሚሰጡት መሠረት ቀላል አይደለም። ዳታ ስትራክቸርን (ዳታ የሚደራጅባቸውን መንገዶች) ከሀ እስከ ፐ ሚታፕ ላይ ቆሞ የሚያስተምር የለም። ችግሩ፣ አስተማሪው ግራ የተጋባበት ሰዓት ብዙውን ጊዜ ከቪዲዮው ተቆርጦ ይወጣል። ለእኔ ትልቁ ትምህርት ያለው ደግሞ እዚያ ጋ ነው።

ቪዲዮ የምታዩ ልጆች፣ አስተማሪው መፍትሔውን ከመጻፉ በፊት አቁሙትና ራሳችሁ ሞክሩት። ያስቸገራችሁን ኮድ ደግሞ ሚታፕ ላይ ይዛችሁ ኑ። አሳጥራችሁ ታዲያ፤ 3000 መስመር ቁጭ ብሎ የሚያነብላችሁ የለም 😄