አጀንዳው አፈጻጸም፣ ውሎው ስብሰባ
ዛሬ ስለ አዲሱ ሥርዓተ ትምህርት አፈጻጸም ስብሰባ ዋልን። አንድ አንጋፋ መምህር «መጽሐፉ ለምን አልተሟላም?» ብለው ጠየቁ። መድረኩ «ገንቢ አስተያየት እንስጥ» አላቸውና ሻይ ሰዓት ሆነ።

ይዘቱ መጥፎ ሆኖ አይደለም፤ እንዲያውም ከበፊቱ ይሻላል። ግን በ2015 እኛ ጋ የደረሰው በቴሌግራም፣ በፒዲኤፍ ነው። ሰባተኛ ክፍሎች ለአራት ሆነው በእኔ ስልክ ላይ ያቀረቅራሉ፣ ስክሪኑ የተሰነጠቀበት ጋ ያለውን ቁጥር ይገምታሉ፣ ባትሪው ሲያልቅ ትምህርቱም አለቀ።

ማዕቀፉ ከፌዴራል ይወጣል፣ የአንደኛ ደረጃውን መጽሐፍ ክልል ያሳትማል፣ ደመወዛችን ከወረዳ ነው። ማንን ትጠይቃለህ? ርዕሰ መምህር እንዴት እንደሚሾም ደግሞ እናንተው ታውቁታላችሁ 😏 ሹመቱን ለሰጠው ክፍተት አለ ብሎ የሚጽፍ የለም፤ ወደ ላይ የሚሄደው ሪፖርት ሁሌ ያማረ ነው።

የ2014 የ12ኛ ክፍል ተፈታኞች ጥቅምት 2015 ዩኒቨርሲቲ ገብተው ሲፈተኑ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። እነዚያ ልጆች አስራ ሁለት ዓመት ሙሉ በየሪፖርቱ «አጥጋቢ» ሲባሉ የከረሙ ናቸው።

ስብሰባው ነገም ይቀጥላል ተብሏል። ስለ አበሉ ግን ማንም ትንፍሽ አላለም።